የዶክተሩ ኖራ

ባለፈው ሐሙስ ቆሰበር ላይ የአውቶቡሳችን ጎማ ተነፈሰ። ጎማ መፍታት የረዳት ሥራ ነው፤ ረዳቱ ደግሞ እኔ ነኝ፤ በር ላይ ተንጠልጥዬ "ዳንግላ! ዳንግላ!" እያልኩ የምጮኸው። ግን ከሾፌሩ ጋር ከቡሬ ጀምሮ ስንነታረክ ስለመጣን፣ "አጠገቤ ቆመህ ከምትለፈልፍብኝ ብቻዬን ብፈታው ይሻለኛል፤ ሂድ ሻይህን ጠጣ" አለኝ። እንዲህ ያለ ትእዛዝ በየቀኑ አይገኝም። ሮጥ ብዬ ሻይ ቤት ገባሁ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ሻይ ቤቱ እርጥብ ጋቢና ጭቃ ጭቃ ይሸታል። ባለቤቷ እቴ የሺ ከዝናቡ ጋር የተወራረደች ይመስል ራዲዮኑን እስከ መጨረሻው ከፍታዋለች። ጋዜጠኛው አንድ ትልቅ ሰው እያነጋገረ ነበር። ሰውየው ሁለት ቃል እንደተናገረ ድምፁን ለየሁት። ለስለስ ያለ፣ ሳቅ ያለበት፣ ማር የተቀባ ድምፅ ነው።

"ክቡር ዶክተር" ይላል ጋዜጠኛው፣ "ከኬሚስትነት ተነስተው የምርምር ኃላፊ ሆኑ፣ አሁን ደግሞ የመንግሥት የሳይንስ አማካሪ ሆነው ተሾመዋል። ከሕዝቡ ጋር መግባባቱ አላስቸገረዎትም?"

"እንዲያውም አንድ ጨዋታ ልንገርህ" አለ ዶክተሩ። "አገው ምድር አንድ ገበሬ ወዳጅ ነበረኝ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ተገናኘንና፣ እኔ አሁን ፖሊሲ ላይ ነው የምሠራው ብለው፣ ዓይኑን አፍጥጦ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? 'ይኼን ሁሉ ተምረህ ፖሊስ ሆንክ?'"

ጋዜጠኛው ሳቀ። ዶክተሩ ሳቀ። ሻይ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። አጠገቤ የተቀመጠው ቆዳ ነጋዴ ሻዩ በአፍንጫው ወጣ።

"አንተ ነገረኛ" አለችኝ እቴ የሺ፣ "ዛሬ ምን ነክቶህ ነው የማትስቀው? ሆድህን ነው?"

"ጨዋታውን ቀድሜ ሰምቼዋለሁ" አልኳት።

ሰምቼዋለሁ ብቻ አይደለም፤ ሲፈጠር አጠገቡ ነበርኩ። ያ ገበሬ አባቴ ነው። ዶክተሩ በራዲዮ የተናገረው ደግሞ የጨዋታውን ግማሽ ነው፤ ሳቅ ያለበትን ግማሽ መርጦ ወሰደ። የቀረውን እኔ ልናገረው። እኔ ራዲዮ የለኝም፣ አፍ ግን አለኝ፤ እሱንም ያገኘሁት ከመንግሥት አይደለም።

ያን ዓመት ዳንግላ ካለው ትምህርት ቤት ተባርሬ ቤት ተቀምጬ ነበር። ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። የሳይንስ አስተማሪያችን "ኦክስጅን አይታይም፣ አይሸትም፣ አይጨበጥም" ብሎ ሲያስጽፈን፣ "እንደ ደሞዝዎ ማለት ነው?" አልኩት። ክፍሉ ፈነዳ፤ እኔም በሩን ከውጭ አየሁት። ከዚያ ወዲህ ሳይንስና እኔ አልታረቅንም፤ ወይ እሱ አይመጣልኝ፣ ወይ እኔ አልሄድለት።

መሬታችን ከቆሰበር ወደ ጥርባ ሲሄዱ፣ ከመኪናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። ብርድ ነው አገሩ። ጠዋት ጠዋት ጉሙ የቀርከሃውን አጥር ይውጠውና ረፋድ ላይ መልሶ ይተፋዋል። ዝናብ ሞልቶናል፤ ምርት ነው የሌለን። ገብሱ ይበቅልና ገና ሳይጎረምስ ቢጫ ይሆናል፤ ሲያዩት የታመመ ልጅ ነው የሚመስለው። ድንቹ ብቻ ነበር የማያሳፍረን። እኛ አገር ፈረስ ያርሳል፤ አባቴ ዳማ የሚባል ፈረሱን ከአጎቴ ፈረስ ጋር እያጣመደ ያርስ ነበር። ዳማ በሥራ ቀን ገበሬ ነው፤ በጊዮርጊስ በዓል ደግሞ ጉግስ ሜዳ ላይ ጌታ ነው። አባቴ እኔን ሲጠራ ስሜን ብቻ ይጠራል፤ ፈረሱን ሲጠራ ግን "የኔ ዳማ" ይላል። ቅናት አልነበረኝም፤ ፈረሱ ከእኔ ይሻል ነበር።

ዶክተሩ የመጣው በሚያዝያ ነው። ላንድሮቨሩ ቤታችን ፊት ለፊት ጭቃ ውስጥ ሰጠመችበት። ሾፌሩ ሲያስነሳት ይብሱን ትቀበራለች። አባቴ ዳማን አምጥቶ በጠፍር ጎተተ፤ ዶክተሩም ሱሪውን ሰብስቦ፣ ጫማውን አውልቆ ከኋላ ገፋ። ቀጭን ሰው ነበር፤ እጅጌው የተጠቀለለ፣ መነጽሩ ላይ ጭቃ የተረጨ። መኪናዋ ስትወጣ ከእኛ ይልቅ የጮኸው እሱ ነው። ይኼን የምናገረው አውቄ ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ እኮ ነገሩ ቀላል ነበር፤ ጠልቼው እገላገል ነበር።

እናቴ ድንች ቀቅላ በአዋዜ አቀረበችለት። ሳይልጠው በላው። "እናቴ የዳንግላ ሰው ናት፤ የናንተው ልጅ ነኝ" አለ። ሹም ሁሉ የሚለው ነው፤ ግን እንደሱ ድንች ከነልጣጩ የበላ ሹም አላየሁም። ከዚያ ከመኪናው የእንጨት ሳጥን አወረደ። በውስጡ ትንንሽ ጠርሙሶች ተደርድረዋል። ከማሳችን አፈር ቆንጥሮ በብርጭቆ ውኃ በጠበጠና ቀጭን ወረቀት ነከረበት። ወረቀቷ ቀላች።

"አያ ዘለቀ" አለው አባቴን፣ "የመሬትዎ ችግር ተገኘ። አፈሩ አሲድ ነው።"

አባቴ አማርኛ ይሰማል፤ ነገር ጠበቅ ሲል ግን አገውኛ ነው የሚሻለው። ወደ እኔ ዞረ። እኔም የማውቀው አሲድ የመኪና ባትሪ ውስጥ የሚጨመረውን ነው፤ ሱሪ የሚበሳውን።

"እንዴ፣ ማሳችን ውስጥ ባትሪ ማን ቀበረ?" አልኩት ዶክተሩን።

ከልቡ ሳቀ። "አይ፣ ኮምጣጣ ነው ማለቴ ነው። አፈሩ ኮምጣጣ ነው በለው።"

እንደወረደ በአገውኛ ነገርኩት። አባቴ ፊቱ ተለወጠ። እኛ ዘንድ የሚኮመጥጠው ያደረ ሊጥ ነው፣ የቆየ ጠላ ነው፤ ቤቱ ዝርክርክ የሆነ ሰው ነው እንዲህ የሚባለው። ሰውን ከአባቱ የወረሰውን መሬት ኮምጣጣ ነው ስትለው፣ ቤትህ ይሸታል ማለት ነው። ተነስቶ ማሳው ድረስ ሄደ፤ እኛም ተከተልነው። አፈር ቆነጠረና አፉ ውስጥ ጨመረው። አላመጠው። እናቴ "ኧረ በጊዮርጊስ!" ብላ ፊቷን ሸፈነች። እሱ ግን እንደ ቅመም ነጋዴ ዓይኑን ጨፍኖ አጣጣመውና እንትፍ አለ።

"ኮምጣጣ አይደለም" አለ በአማርኛ፣ ዶክተሩ እንዲሰማው። "ጠጅ ሳር ጠጅ ሳር ነው የሚለው።"

"ምላስ አያውቀውም አያ ዘለቀ፤ ወረቀቷ ናት የምታውቀው።"

"ወረቀቷ ናት እዚህ ያረሰችው?"

ዶክተሩ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። "እሺ" አለ፣ "እንወራረድ። ከዚህ ማሳ ግማሹን ይስጡኝ። ኖራ አደርግበታለሁ። ገብሱ ካላማረ ከዚሁ አፈር አንድ እፍኝ በሰው ፊት እበላለሁ።"

"ካማረ ደግሞ" አለ አባቴ፣ "አፈሬ ኮምጣጣ ነበር፣ ይኼ ልጅ አዳነው ብዬ በጊዮርጊስ ደጅ እናገራለሁ። የጠየቀኝ ሁሉ ቢጠይቀኝ አልደብቅም።"

እጅ ለእጅ ተማቱ። ሰው ከአባቴ ጋር ከመወራረዱ በፊት ስለሱ ማጣራት ነበረበት። አባቴ ተሸንፎ የማያውቅ አይደለም፤ ተሸንፎ የካደበት ቀን ግን የለም። ይኼ ጠባዩ ምን እንደሚያስከፍለን ያን ቀን ማን አወቀ?

ኖራው በግንቦት በጭነት መኪና መጣ። ጆንያውን ስንፈታ ነጩ ዱቄት ቡን አለ። እኔ ነኝ የበተንኩት፤ ነፋሱ መልሶ ፊቴ ላይ ሲያመጣው ዓይኔ ሲቃጠል ሰነበተ። ኖራ በእኛ አገር ሁለት ቦታ ነው የሚታወቀው፤ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይና የሀብታም መቃብር ላይ። ስለዚህ የማሳው ግማሽ ነጭ ሆኖ ሲታይ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያይ ጀመር። ጎረቤታችን አያ ደምሴ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣

"ዘለቀ! ማን ሞተብህ? ሳንሰማ ቀበርክ እንዴ?" አለ።

"ኮምጣጣነቴን ነው የቀበርኩት" አለው አባቴ።

"ተዝካሩን ስታወጣ ጥራኛ!"

እናቴ ያን ክረምት በዚያ በኩል ውኃ አልቀዳችም፤ መቃብር ላይ አልራመድም ብላ በላይኛው ዞራ ነበር የምትሄደው።

ከዚያ ገብሱ በቀለ። እናንተዬ፣ ምን ልበላችሁ! ኖራ ያልነካው ግማሽ እንደ ልማዱ ታሞ ተኛ። ኖራ የበላው ግማሽ ግን ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ተነሳ፤ በሁለቱ መካከል በገመድ የተሰመረ ይመስል ነበር ድንበሩ። ነሐሴ ላይ ዳማ በሩቁ እያየው ያሽካካ ነበር። አባቴ በየጠዋቱ ጋቢውን ለብሶ ድንበሩ ላይ ይቆማል፤ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ያያል። አንድ ቀን ጠጋ ብዬ "አባ፣ ተሸነፉ" አልኩት። "ዝም በል" አለኝ፤ ፊቱ ግን እየሳቀ ነበር። እንደዚያ ደስ ብሎት ሲሸነፍ ያየሁት ሰው የለም።

ከመስቀል በኋላ ዶክተሩ ትልልቅ ሰዎች አስከትሎ መጣ። ጥላ የሚይዝላቸው ሰው ነበራቸው፤ ፎቶ አንሺም ነበር። አባቴን ገብሱ መሃል አቁመው አነሱት። ማሳው ዳር ላይ ከመንገድ የሚታይ የቆርቆሮ ሰሌዳ ተከሉ፤ "ለም መሬት" ይላል በትልቁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባቴ የቤተ ክርስቲያኑ ዋርካ ሥር ቆመ።

"ወገኖቼ፣ አፈሬ ኮምጣጣ ነበር" አለ። "አይደለም ብዬ ተወራርጄ ነበር። ይኼ ልጅ አሸንፎኛል። መሬቴን አድኖልኛል፤ የጠየቃችሁኝ ሁሉ ይኼንኑ ነው የምነግራችሁ።"

እልልታው ቀለጠ። ዶክተሩ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ የውሸት እንባ አልነበረም። "ኖራው ለሁላችሁም ይመጣል። በየጥቂት ዓመቱ መጨመር አለበት እንጂ አንዴ ብቻ አይበቃም፤ እኔ አለሁላችሁ" አለ። እኔም አመንኩት። እኔ! በአስተማሪ ደሞዝ የምቀልደው፣ ካህን ሲሰብክ የማሾፈው፣ አፌን ከፍቼ አመንኩት።

ብዙም ሳይቆይ ዶክተሩ የምርምር ኃላፊ ሆኖ ተሾመ የሚል ወሬ መጣ። አባቴ ቤት ያፈራውን ጠላ ለጎረቤት አቀረበ። "ገብሱና እሱ አብረው ነው ያደጉት" እያለ ይኩራራ ነበር። እውነቱን ነው፤ ማሳችን ላይ ነው ያደገው። ልዩነቱ ገብሱ ታጭዶ እኛው ጋ ቀረ።

ገማቾቹ የመጡት አጨዳው ሊደርስ ሲል ነው። ለግብር የእያንዳንዱን ገበሬ ምርት በዓይን የሚገምቱ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን፣ ሁለቱም ብርድ ያስቆጣቸው። ያልፉ ነበር እኮ። ያቆማቸው ሰሌዳው ነው።

"የማን ነው ይኼ ማሳ?" አለ ወፍራሙ።

"የኔ ነው" አለ አባቴ።

"ለም መሬት ይላል እኮ። ጥሩ ይሰጣል?"

ምን ነበረበት አባቴ፣ እንደ አገሩ ሰው ሁሉ ጭንቅላቱን አክኮ "ኧረ የት! ውርጭ በላው እንጂ፣ ዝንጀሮ ጨረሰው እንጂ" ቢል? ገማች ፊት እውነት የሚናገር ማን አለ? እሱ ግን ደረቱን ነፋ።

"በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ገብስ አላየሁም" አለ።

ዘልዬ መሃላቸው ገባሁ። "ኖራ ተደርጎበት ነው! ያውም ግማሹ ብቻ ነው! ያንን ወዲያኛውን እዩት፣ በሽተኛውን!"

ወፍራሙ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። "ኖራውን ማን ሰጣችሁ?"

"መንግሥት።"

"አሁን የት ነው ያለው ኖራው?"

"መሬቱ ውስጥ ነዋ።"

"መሬቱስ የማን ነው?"

"የአባቴ።"

"ታዲያ መንግሥት የሰጣችሁን ይዛችሁ ነው የምትጨቀጨቁት?" አለና ቀጭኑን "ጻፍ" አለው። ያንን ያማረውን ገብስ አይተው መሬታችንን በሙሉ በሱ ልክ ገመቱት፤ ድንጋያማውን፣ ረግረጉን፣ ቀርከሃ ሥር ያለውን ሳይቀር።

ሲሄዱ አባቴ ላይ ጮህኩበት። "አባ፣ ኮምጣጣ ነው አይሉም ነበር? አንዲት ቃል እኮ ናት!"

"ተወራርጃለሁ" አለኝ። "የጠየቀኝ ሁሉ ቢጠይቀኝ አልደብቅም ብያለሁ። ገማቹ ጠየቀኝ።"

"ገማች ሰው ነው እንዴ!"

"ሰው ነው" አለ አባቴ።

ግብሩ በታኅሣሥ ተነገረን። ገብሱን ሸጠን፣ ድንቹን ሸጠን አልደረስንበትም። ያኔ ዶክተሩ ለስብሰባ ዳንግላ መጥቷል የሚል ወሬ ሰማን። አባቴ ፊቱ በራ። "እሱ ያውቃል" አለ። "ኖራው ያደረገውን፣ መሬቱ ያደረገውን ለይቶ ይነግራቸዋል። አንድ ቃል ብቻ ነው።" ነጭ ጋቢውን ለበሰ፤ እናቴ ማር በትንሽ ቅል አዘጋጀች፤ በጭነት መኪና ጆንያ ላይ ተቀምጠን ዳንግላ ወረድን። መንገዱ እንዲያ ሲያንገላታን አባቴ ቅሉን እንደ ሕፃን አቅፎ ነበር።

ሆቴሉ በር ላይ ዘበኛው "ስብሰባ ላይ ናቸው" አለን። ድሮ ሹም ሰው ማየት ሲሰለቸው ኮሶ ጠጥቷል ይባል ነበር፤ አሁን ስብሰባ ላይ ነው ይባላል። ኮሶ እንኳን ከሰዓት በኋላ ይለቃል። ፀሐይ ላይ ቆምን። ሲወጡ ዶክተሩ አየን። ከረቫት አስሯል፤ ወፈር ብሏል። አልሸሸንም። ሮጦ መጥቶ አባቴን አቅፎ ሳመው፣ ከትልልቆቹ ሰዎች ጋር ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው፣ ሻይ አዘዘለት። "ይኼ ነው ያልኳችሁ ወዳጄ!" አላቸው።

አባቴ ቅሉን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ነገሩን ተናገረ። ሰሌዳውን፣ ገማቾቹን፣ ግብሩን። ሲጨርስ፣ "እንግዲህ ልጄ፣ ወይ ያንን ኖራ ላክልን፣ ወይ አንድ ቃል ንገርልን" አለ።

ዶክተሩ እጁን ትከሻው ላይ አደረገ። "አያ ዘለቀ፣ ኖራው አሁን በእኔ እጅ አይደለም። ከቤተ ሙከራው ወጥቻለሁ። እኔ አሁን ፖሊሲ ላይ ነው የምሠራው።"

አባቴ ሻዩን አስቀመጠ። ዓይኑን አላፈጠጠም፤ ራዲዮው ይዋሻል። ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የጠየቀው፣ ሰው ስለ ዘመዱ ሕመም እንደሚጠይቀው።

"ይኼን ሁሉ ተምረህ ፖሊስ ሆንክ?"

ጠረጴዛው ተናወጠ። አንዱ ሰውዬ በእጁ ጭኑን እየመታ ነበር የሚስቀው። ዶክተሩም እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ሁሉም ሲስቅ ጊዜ አባቴም ሳቀ፤ ክፉ ነገር የተናገረ አልመሰለውም ነበር። ሳቁ በረድ ሲል ደግሞ ቀጠለ። ይኼ ነው ዶክተሩ ራዲዮ ላይ ያልተናገረው ግማሽ።

"ደግ አድርገሃል" አለው። "ፖሊስ ከሆንክማ ይሻለናል። ለግብሩ የሚመጡብን እነሱ ናቸው። አንተ አዛዣቸው ከሆንክ አንድ ቃል አታጣልኝም።"

እንደገና ሳቁ። ይኼንንም ጨዋታ አደረጉት። እኔ ከኋላ ቆሜ "ፖሊስ አይደለም አባ፣ ፖሊሲ ነው" አልኩት በአገውኛ። "ምን ማለት ነው?" አለኝ። ምን ብዬ ልንገረው? ሰባተኛ ክፍል ድረስ አልተማርነውም። ዶክተሩ ሰዓቱን አየ። "የግብር ነገር የሌላ መሥሪያ ቤት ነው፤ ግን ሐሳብዎን በጥናታችን ውስጥ እናየዋለን" አለ። አባቴን ደግሞ ሳመው። ማሩን ሾፌሩ ተቀበለ። መኪኖቹ አቧራቸውን አልብሰውን ወደ ባሕር ዳር ሄዱ።

"እናየዋለን አለ" አለኝ አባቴ ስንመለስ። "ሰምተሃል አይደል? እናየዋለን ብሏል።"

ፖሊሶቹ የመጡት ለጊዮርጊስ በዓል ጥቂት ሲቀረው ነው። አባቴ ዳማን እያሻሸ ነበር፣ ለጉግሱ። ሁለት ፖሊሶች በጉሙ ውስጥ ሲመጡ አየናቸው። አባቴ ማሻሻውን ጥሎ ተቀበላቸው፤ እንደ እንግዳ፣ ጎንበስ ብሎ።

"ዶክተሩ ነው የላካችሁ?" አላቸው።

ተያዩ። "የምን ዶክተር?"

"ቃል የሚነግርልኝ።"

ቃል አልያዙም ነበር። ገመድ ነው የያዙት። ባልተከፈለው ግብር ፈረሱን መያዣ አድርገው ወሰዱት። ዳማ ሰው ያውቃል፤ በር ላይ ሲደርስ ወደ ኋላ ዞሮ ቆመ፤ ጎተቱት። እኔ የማውቀውን ስድብ ሁሉ አወረድኩባቸው፤ በአማርኛ ሲያልቅብኝ በአገውኛ ቀጠልኩ። አንዱ በጥፊ መታኝ። አባቴ ግን በረቱ ውስጥ ገብቶ ልጓሙን አመጣና ሰጣቸው። "በገመድ አትውሰዱት፤ አልለመደም" አላቸው።

በጊዮርጊስ ዕለት ጉግስ ሜዳው በፈረስ ተሞላ። አያ ደምሴ የራሱን ፈረስ "እንካ ዘለቀ፣ አንድ ዙር ውጣበት" አለው። አልፈልግም አለ። ከሴቶቹና ከሕፃናቱ ጋር ዳር ላይ ቆሞ አየ። ነጭ ሱሪውን ግን እንደ ፈረሰኛ ለብሶ ነበር።

ኖራው ሁለት ሦስት ክረምት ሠራ። ከዚያ ገብሱ ድሮ ወደነበረበት ተመለሰ፤ ግምቱ ግን አልተመለሰም። የአጎቴ ፈረስ ተጣማጅ አጣ። እኔም አውቶቡስ ላይ ወጣሁ፤ መሬቱ የማያበላውን አፍ ይዤ።

እንግዲህ ያን ሐሙስ ሻይ ቤቱ የሳቀበት ጨዋታ ይኼ ነው። ስንት ጊዜ አሰብኩት፤ አባቴ ምኑን ተሳሳተ? ፖሊሲና ፖሊስ የሚለያዩት ሲ ላይ ባለችው ጭረት ነው። ዶክተሩ ጭረቷን ይዞ ወደ ላይ ወጣ፤ ለእኛ የተረፈን ጭረት የሌለው ነው። ደግሞ የሚያናድደኝ ምን እንደሆነ ላውጣው? ዶክተሩ አልዋሸም። አፈሩ ኮምጣጣ ነበር፣ ኖራው መድኃኒት ነበር፣ ሁሉም ልክ ነበር። ልክ የሆነ ሰው እንዲህ ሲያደርግህ በምን ትከሰዋለህ? ውሸታም ቢሆን ኖሮ ውሸታም እለዋለሁ፤ እሱ ግን ልክ ሆኖ ሄደ።

እሑድ ቤት ሄድኩ። አባቴ ማሳው ዳር ነበር። ያ ሰሌዳ ዛሬ የዶሮዎቹ ቤት ጣራ ነው፤ "ለም" የሚለው ወደ ታች ተዘቅዝቋል።

"ዶክተሩን በራዲዮ ሰማሁት" አልኩት። "ተሾመ፤ የመንግሥት አማካሪ ሆኗል።"

"እሰይ!" አለ። ከልቡ ነው። "ስሜን አነሳ?"

"ስም አልጠራም። አንድ ገበሬ ወዳጅ ነበረኝ አለ።"

"ወዳጅ አለ?" ፈገግ አለ። "ምን አለ ስለኔ?"

ከቡሬ እስከ ዳንግላ የማያርፈው አፌ ያኔ አረፈ። "መሬትዎን አነሳ" አልኩት።

አባቴ ጎንበስ ብሎ አፈር ቆነጠረ። እንደዚያን ጊዜው አፉ ውስጥ ጨምሮ ዓይኑን ጨፈነ፣ አላመጠ፣ እንትፍ አለ። ጥርሱ ላይ ጥቂት ቀርቶ ነበር።

"ኮምጥጧል" አለ። "ልክ ነበር ልጁ። የጠየቀኝ ሁሉ ቢጠይቀኝ አልደብቅም ብዬው ነበር።" ወደ መንገዱ አየ፤ አንድ ጭነት መኪና እያቃሰተ አለፈ። "አሁን ማን ይጠይቀኛል?"